ወሬው አድራሻ አለው ወይ? «ሊኑክስ ውስጥ የተደበቀው በር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ከርሟል። እኔ ጋ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል፣ አንደኛው የድሮ አለቃዬ ነው፣ አንዷ ደሞ የኮምፒውተር ነገር እምብዛም የማይጥማት የአክስቴ ልጅ ናት፣ «ይሄ ያንተ ሊኑክስ ነው እንዴ የሚሰልለን?» ብላ። ርዕሱ «ሊኑክስ ውስጥ የተደበቀው በር» ይላል። ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፣ ኮዱ ማለትም የተጻፈበት መመሪያ ለሁሉም ክፍት የሆነ። እኔ ሰርቨር እየጠበቅኩ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፣ ደሞ ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ሌላው ግማሽ እሱን ተደግፎ ያልፋል።

ጸሐፊውን ላለመበደል መጀመሪያ የሚለውን ላስቀምጥ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ዓይን ያየዋል የሚባለው ተረት ነው፣ ማንም አያነበውም ይላል። ኤፍቢአይ ኦፕንቢኤስዲ ውስጥ (እንደ ሊኑክስ ኮዱ ክፍት የሆነ ሌላ ሲስተም ነው) ባክዶር፣ ማለትም የተደበቀ መግቢያ፣ አስገብቶ ነገሩ ተዳፍኖ ቀርቷል ይላል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ጭንቅላቱን ነቅንቆ አምኗል ይላል። ኤክስዚ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ የተገኘው ባክዶር በዕድል ነው የተያዘው፣ ያልተያዙትስ ስንት ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ዴቨሎፐሮቹ የሚያውቁትን ቀዳዳ ተስማምተው ይደብቃሉ ይላል። መጨረሻ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ ይለናል። የቀነስኩበት ያለ አይመስለኝም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የመጀመሪያውን ብዙውን እቀበላለሁ። ኮድ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ያነበዋል ማለት የሰፈሩ መንገድ የጋራ ስለሆነ ሁሉም ይጠርገዋል እንደማለት ነው። ሃርትብሊድ የምትባለው ስህተት ምስክር ናት። ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ (ድረ ገጾች መረጃ የሚመሰጥሩበት ፕሮግራም ነው) ያቺ ስህተት የገባችው በ2011 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፣ በማርች 2012 ለሕዝብ ወጣች፣ ከዛ እስከ ኤፕሪል 2014 ማንም ሳይነቃባት ስንትና ስንት ሰርቨር ተሸክሟት ኖረ። ነገሯ ሲታይ ደሞ ያሳፍራል፦ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው «ይቺን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቷ 64 ሺህ ፊደል ነው» ይለዋል፣ ቃሏ ግን አንድ ፊደል ናት፣ ሰርቨሩም ሳይቆጥር አምኖ አንዷን ፊደል ከሰጠ በኋላ የጎደለውን ከገዛ ሚሞሪው እየቀዳ ይሞላለታል፣ ፓስወርድም ይሁን የምስጢር ቁልፍ ያጋጠመውን። ሼልሾክ የሚባለው ቀዳዳማ ይብሳል፣ ባሽ በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ተቀምጦ በ2014 ነው የተገኘው፣ 25 ዓመት! ያኔ ኦፕንኤስኤስኤልን የሚጠብቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ በዓመት የሚያገኙት መዋጮ 2 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፣ ዓለም በሙሉ ግን በነሱ ላይ ተኝቶ ነበር። ስለዚ «ማንም አያነበውም» የሚለው ተጋነነ እንጂ ከመሬት አልተነሳም።

ግን ከዚህ «ዝግ ይሻላል» የሚለው እንዴት ይወጣል? የዊንዶውስ የዲኤንኤስ ሰርቨር ውስጥ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ክፍል) 17 ዓመት የቆየ ቀዳዳ በጁላይ 2020 ይፋ ሆኗል፣ ያውም ከከባዶቹ ከባድ። ስህተት መደበቂያ አያጣም፣ ክፍትም ዝግም ቤት ይኖራል። ልዩነቱ ከተገኘ በኋላ ነው የሚመጣው፣ የሃርትብሊድን መስመር ዛሬም ከፍቼ ማን እንደጻፋት፣ ማን አይቶ እንዳሳለፋት፣ በየትኛው ቀን እንደገባች፣ እንዴት እንደተደፈነች አሳይሃለሁ። የዊንዶውሷን ግን ማይክሮሶፍት ደፍኛታለሁ ብሏልና አምነህ ትቀመጣለህ።

እግረ መንገዴን፣ ጽሑፉ መሃል ላይ «የሊኑክስ ከርነል በዓመት በሺዎች የሚቆጠር የደህንነት ቀዳዳ ይመዘገብበታል» የሚል አለ። ከርነል ማለት የሲስተሙ እምብርት ነው። ቁጥሩ በሺዎች መሆኑ ልክ ነው። ምክንያቱን ግን ዘሎታል፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የሲቪኢ ቁጥር፣ ማለትም የቀዳዳ መዝገብ ቁጥር፣ የሚሰጡት ራሳቸው የከርነሉ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደሞ ደህንነትን ይነካ ይሆናል ብለው ለሚያስቡት ማንኛውም ጥገና ማለት ይቻላል ቁጥር ይሰጣሉ። ይሄን ቆጥሮ «ቀዳዳው በዛ» ማለት ቤቱን በየቀኑ የሚጠርገውን ሰው በአካፋው ላይ ባለው አቧራ ቆሻሻ ነህ እንደማለት ነው።

ኦፕንቢኤስዲ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ፣ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው፣ የተጣመመውም እዛው ነው። በዲሴምበር 2010 የአንድ የደህንነት ኩባንያ የቀድሞ የቴክኒክ ኃላፊ ለኦፕንቢኤስዲ መሪ ለቴዎ ደ ራት ኢሜይል ጻፈ። የዛሬ አስር ዓመት ገደማ ኤፍቢአይ ገንዘብ ከፍሎ አይፒሴክ ውስጥ፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ የሚመሰጥረው ክፍል ውስጥ፣ ባክዶር አስገብቷል፣ የምስጢር ውሌ ስላለቀ ነው አሁን የምነግርህ የሚል ነው፣ ስምም ጠቅሷል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ነው።

ከዛ «ተዳፍኖ ቀረ» ይላል። እንዴት አድርጎ ነው የተዳፈነው? ቴዎ ደ ራት በግል የተጻፈለትን ኢሜይል ዲሴምበር 14 ቀን እንዳለ አደባባይ አወጣው። ምክንያቱንም አብሮ ጽፏል፦ ኮዱን የሚጠቀሙ ሰዎች ራሳቸው እንዲመረምሩት፣ ውሸት ከሆነ ደሞ ስማቸው የተነሳው ሰዎች ራሳቸውን እንዲከላከሉ። ስሙ የተጠቀሰው ዴቨሎፐር በአደባባይ ካደ። ሰዎች ኮዱን ከፍተው ማበጠር ጀመሩ፣ አንዳንድ ስህተቶች ተገኙ፣ ተስተካከሉ፣ ባክዶር ነው የሚባል ግን አልተገኘም። ቴዎ ራሱ በኋላ ሲጽፍ ያ ኩባንያ እንዲህ ያለ ሥራ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቢጻፍም ወደኛ ኮድ ገብቷል ብዬ አላምንም ዓይነት ነገር ነው ያለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ጸሐፊው ይቺን የቴዎን ግማሽ እምነት ቢጠቅሳት ክርክሩ ይጠነክርለት ነበር፣ አለመጥቀሱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዳላነበበው ነው የሚነግረኝ።

አሁን ይቺው ኢሜይል ኮዱ ዝግ ለሆነ ድርጅት ደርሳ ቢሆንስ? ሩቅ ሳንሄድ የኔትወርክ ዕቃ የሚሠራው ኩባንያ ጁኒፐር አለ። በዲሴምበር 2015 ፋየርዎሎቼ (ኔትወርክ የሚጠብቁ መሣሪያዎች) ላይ በሚሠራው ሲስተም ውስጥ ያልተፈቀደ ኮድ አገኘሁ ብሎ አሳወቀ፣ ከዓመታት በፊት የገባ። ራሱ መርምሮ ራሱ መናገሩ ያስመሰግነዋል። ግን ከዛ በፊት አንድ ደንበኛ ቢጠረጥር ምን ከፍቶ ሊያይ ነበር?

ክፍት ቦታ ላይም ቢሆን ሙከራ የለም አላልኩም፣ እኔ ራሴ አንድ ልጨምርለት። በኖቬምበር 2003 አንድ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ከርነል ኮድ ቅጂ ወደሚቀመጥበት ሰርቨር ገብቶ ሁለት መስመር ጨመረ። መስመሮቹ ሲታዩ ንጹህ ናቸው፣ «ይሄ ተጠቃሚ ሩት (በኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም የተፈቀደለት) ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ይመስላሉ። ከርነሉ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ለመጠየቅ የእኩል ይሆናል ምልክት ሁለቴ ይጻፋል፣ «==»። ሰውዬው አንዴ ብቻ ጻፈው፣ «=»። ያኔ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል፣ «ይሄን ተጠቃሚ ሩት አድርገው»። አንዲት ጭረት የጎደለባት ነገር! የተያዘችው ግን ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር የማንም ፈቃድ የሌለው ለውጥ ሆና ስለተገኘች ነው፣ ወደ ዋናው ኮድም አልገባችም።

የሊነስን መነቅነቅ ቶሎ ልለፈው። በ2013 ኒው ኦርሊንስ መድረክ ላይ መንግሥት ባክዶር አስገባልን ብሎ ጠይቆህ ያውቃል ወይ ተባለ፣ በአፉ «አይ» እያለ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ በኋላም ቀልድ ነው አለ። አባቱ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበሩ፣ በዛው ዓመት ይሄንኑ ነገር እዛ ስላነሱት ወሬው ነፍስ ዘራ፣ ያ እውነት ነው። እሺ፣ ተጠየቀ እንበል። ተጠየቀ ማለት አስገባ ማለት ነው እንዴ? እኔም ስንት ሰው ፓስወርድ ጠይቆኛል።

ኤክስዚ ከበድ ይላል፣ ጸሐፊው እዚህ ላይ በጣም የሚያስፈራ ነገር መዟል። ለማያውቅ ሰው፦ ኤክስዚ ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ያለበት ቦታ ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ለዓመታት የሚጠብቀው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነው፣ ያለ ደሞዝ። ጂያ ታን በሚል ስም አንድ «ረዳት» ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ቀስ እያለ ተጠጋ፣ ጥሩ ጥሩ ሥራ እየላከ፣ በጎን ሌሎች ስሞች እየመጡ «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ልቀቀው» እያሉ ላሴን ያጣድፉታል። ከሁለት ዓመት በላይ ታግሰው እምነት ካገኙ በኋላ 5.6.0 እና 5.6.1 በሚባሉት ስሪቶች ውስጥ በርቀት ወደ ሰርቨር የሚያስገባ ባክዶር ገባ። ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ዴቨሎፐር አወጣው። የያዘው እንዴት ነው፣ ሌላ ሙከራ ላይ እያለ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ፕሮግራም፣ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! እኛ አገር ኔትወርክ ላይ ግማሽ ሰከንድ ማን ይቆጥራል፣ እኔ ብሆን «ዛሬ ኮኔክሽኑ ደክሟል» ብዬ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

ስለዚ «በዕድል ነው የተያዘው» ለሚለው፣ አዎ፣ ዕድል አለበት። ሌላም እጨምርለታለሁ፣ ባክዶሩን የሚቀሰቅሰው መስመር ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፣ ተጠቅልሎ ለሚወርደው ጥቅል ብቻ ነው የተጨመረው፣ ዋናው መርዝ ደሞ የመሞከሪያ ፋይል መስሎ ተቀምጧል። ማለትም ማከማቻውን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው እንኳ ላያገኘው ይችላል።

ግን ዕድሉ ምን ላይ አረፈ? ፍሮይንድ መዘግየቱን ሲያይ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ኤስኤስኤችን ፈታ፣ ከሱ ወደ ላይብረሪው (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኤክስዚ ኮድ) ወረደ፣ ከላይብረሪው ወደ መገጣጠሚያ ፋይሉ፣ እያንዳንዱ በር ክፍት ነበር። የሚገርመው ሰውዬው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው። ያንኑ ግማሽ ሰከንድ ዝግ ሲስተም ላይ ቢያየው እስከ መጀመሪያው በር ሄዶ ይቆም ነበር፣ ሪፖርት ጽፎ መልስ ይጠብቃል። ደሞ ባክዶሩ የደረሰው ገና በሙከራ ላይ ወዳሉት ስሪቶች ነው፣ የፌዶራ ቤታ፣ የዴቢያን የሙከራው ቅርንጫፍ (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው)፣ እነዚህ ውስጥ። ብዙ ሰው ሰርቨር ላይ የሚጭነው የተረጋጋው ስሪት ጋ አልደረሰም። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ የ24.04 ቤታውን በአንድ ሳምንት አዘግይቶ ባክዶሩ ከገባ በኋላ የተገጣጠሙትን ሁሉ እንደ አዲስ ገጣጠመ። «ያልተያዙትስ ስንት ናቸው» ለሚለው ዜሮ ናቸው ብዬ አልምልም፣ ግን ይሄ ጥያቄ ለማንኛውም ነገር ይሠራል፣ ስለ ጫማህ ሶልም ልጠይቅህ እችላለሁ።

ወደ መደበቁ እንምጣ። እኔ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው ባይ ነኝ። አዎ፣ ይደብቃሉ፣ ኢምባርጎ ይሉታል። አንድ ሰው ቀዳዳ ሲያገኝ መጀመሪያ ለሚጠግኑት ይነገራል፣ ፓች፣ ማለትም መጠገኛ ኮድ፣ ይዘጋጃል፣ ከዛ ሁሉም በአንድ ቀን ያወጣዋል። የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽኖች (እነ ኡቡንቱ፣ እነ ዴቢያን) በሚጋሩበት የኢሜይል መስመር ላይ አንድ ነገር ቢበዛ 14 ቀን ነው የሚቆየው። በሩ ተሰብሮ እያለ አናጢው ሳይመጣ በሰፈር ማይክራፎን «የእከሌ በር ተሰብሯል» ብሎ የሚለፍፍ አለ?

ግን ሁሌ ሁለት ሳምንት አይደለም። ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ቀዳዳዎች ከ2017 አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 2018 ሰባት ወር ገደማ ተይዘዋል። የኦፕንቢኤስዲ ዘመድ የሆነው ፍሪቢኤስዲ የተነገረው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፣ ኦፕንቢኤስዲ ጭራሽ አልተነገረውም። ይሄ ትክክል አልነበረም፣ ጸሐፊው ይሄን ቢያነሳ አብሬው እጮህ ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደፈነዳ ተመልከቱ። በ2017 መጨረሻ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሲስተሙን የሚያዘገይ ትልቅ ለውጥ በጥድፊያ ሲገባ ሰው አየ። የከርነል ሰዎች ፍጥነት የሚቀንስ ነገር በበዓል ሰሞን አጣድፈው አያስገቡም፣ ምን ነክቷቸው ነው ተባለ። ከዛ ፕሮሰሰር ከሚሠራው ከኤኤምዲ አንድ ኢንጂነር ልክ በፈረንጅ ገና ማግስት «የኛ ፕሮሰሰሮች ይሄ ችግር የለባቸውም» የሚል ማብራሪያ ያለው ፓች ላከ፣ ማብራሪያው ውስጥ ችግሩ ምን እንደሆነ ሊነግር ምንም አልቀረውም። ወሬው ተጋጋለ፣ ለጃንዋሪ 9 የተቀጠረው ነገር ጃንዋሪ 3 ወጣ። ያ ወሬ እውነት ነበር። ለምን እንደሠራ አስተውሉ፣ ፓቹን በጣቱ እያሳየ ስለነበር ነው።

በ2018 ጁን ወር የሆነው ደሞ ይበልጣል። ቴዎ ደ ራት ኦታዋ ላይ በተደረገ የቢኤስዲ ስብሰባ ላይ ሌላ የኢንቴል ፕሮሰሰር ቀዳዳ ሊኖር ይችላል ብሎ ተናገረ፣ ማንም በምስጢር አልነገረውም፣ ከወሬና ከግምት ነው የተነሳው። የቱ ጋ እንደሆነ ግን አመልክቷል፣ ፕሮሰሰሩ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲዞር የሒሳብ ክፍሉ ይዘት ወዲያው የማይጸዳበት ቦታ። ንግግሩን የሰማው የፍሪቢኤስዲው ኮሊን ፐርሲቫል ያንን ይዞ አምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚሠራ ማጥቂያ ኮድ ጻፈ። ከዛ ኢምባርጎው ሊቆይ አልቻለም፣ በቀናት ውስጥ ጁን 13 ይፋ ሆነ።

ሌላኛውን ዓይነት ወሬ ደሞ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሴፕቴምበር 2024 «ሁሉንም ሊኑክስ የሚያጠቃ፣ ፓስወርድ የማይፈልግ፣ ከ10 የአደገኛነት ነጥብ 9.9 የተሰጠው ቀዳዳ አለ፣ ዝርዝሩ በቅርቡ» የሚል ነገር ተለቀቀ። የቱ ፕሮግራም፣ የቱ ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር)፣ የለም። የዛን ማታ ሥራ አስኪያጃችን ደውለው «ሰርቨሮቹን እናጥፋቸው ወይ?» አሉኝ። ምን ላይ እንደሆነ ሳላውቅ ምን ልበላቸው፣ «ይታገሡኝ» አልኳቸው፣ ሌሊቱን ግን እኔም አልተኛሁም። ከሦስት ቀን በኋላ ዝርዝሩ ወጣ፣ ካፕስ ነው፣ የፕሪንተር ሲስተሙ፣ ፖርት 631 ላይ አዳዲስ ፕሪንተር የሚያስስ አንድ አገልግሎት፣ ያውም አጥቂው የውሸት ፕሪንተር ልኮ ሰውየው በዛ ፕሪንተር ማተም አለበት። ሊኑክስ የሚሸጠው ኩባንያ ሬድሃት «አስፈላጊ» እንጂ «እጅግ አደገኛ» የሚለውን ደረጃ እንኳ አልሰጠውም። ገብቼ አራቱንም ሰርቨር ፈተሽኩ፣ አንዱም ላይ የለም። የተገኘው የት መሰላችሁ፣ ፕሪንተሩ አጠገብ የምትቀመጠው የቢሯችን ጸሐፊ ኡቡንቱ ኮምፒውተር ላይ። አገልግሎቱን ሳጠፋው «ማተም ልትከለክሉኝ ነው?» ብላ ተቆጣች፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ቀዳዳው እውነት ነው፣ ያገኘውም ሰው ችሎታ አለው፣ ያንን አልክድም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ «ሁሉም ሊኑክስ» እየተባለ ሰው ተሸበረ፣ አድራሻው ሲታወቅ ማንም አድሚን በአንድ ትእዛዝ ያጣራው ነገር ሆነ። ወዲህ የሚዞረው ጽሑፍ ደሞ የዚህን ወሬ የመጀመሪያ ቀን ብቻ ይዞ ሦስተኛውን ቀን አላነበበም።

ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ ላለው ብዙ አልልም። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ የዊንዶውስ ቀዳዳ አግኝቶ ለራሱ ሲጠቀምበት ኖሮ፣ ማይክሮሶፍት በማርች 2017 ፓች አወጣ፣ በኤፕሪል መሣሪያው ሾልኮ አደባባይ ወጣ፣ በሜይ 12 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ ዓለምን አዳረሰ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። ያልተነገረ ቀዳዳ፣ በመንግሥት እጅ፣ ለዓመታት፣ ጸሐፊው ሊኑክስ ውስጥ የሚፈልገው ነገር ተሟልቶ የተገኘው እዛ ነው። ልብ በሉ፣ የተመቱት በሁለት ወር ውስጥ አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። እኛ ጋ ደሞ አብዛኛው ዊንዶውስ ክራክ ነው፣ ክራኩን ለመጫን አንቲቫይረሱ ይጠፋል፣ ዳታ እንዳይበላ አፕዴቱ ይዘጋል፣ ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀው የሚያውቅ የለም። ኤፍቢአይ ገብቶ ይሆን ብለህ ከሊኑክስ ሸሽተህ እዛ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በገንዘብ የተገዛና አፕዴት የሚደረግ ዊንዶውስ ያለው ሰው ግን በዚህ ጉዳይ ከኔ ጋር ጠብ የለውም፣ ይጠቀም።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «በክፍል ሁለት የከርነሉን የተደበቀ በር ከነማስረጃው ይዤ እመጣለሁ» ብሏል። ጥሩ፣ እጠብቃለሁ። ወንድሜ፣ ስትመጣ ግን ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የትኛው ስሪት፣ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር። ኮዱ እኔ ላፕቶፕ ላይ ወርዶ ተቀምጧል፣ መብራት ካለ የዛኑ ማታ እከፍተዋለሁ።